ከማረሚያ ቤት እስከ ምን አለሽ ተራ፦ የተፈታ ሰው ሥራ፣ ተያዥና ወረቀት

የዚህ ትምህርታዊ ዝግጅት ርዕሰ ጉዳይ፣ የእስራት ቅጣታቸውን ጨርሰው ወይም በአመክሮ፣ በይቅርታና በምሕረት ተለቀው ወደ ኅብረተሰቡ የሚመለሱ ሰዎች ለሥራ የሚዘጋጁበትና ኑሯቸውን ዳግም የሚያቆሙበት መንገድ ሲሆን፣ ጉዳዩ የሚመረመረውም በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ ገበያ ውስጥ ከሚገኘው ምን አለሽ ተራ ጋር እየተገናዘበ ነው። ምን አለሽ ተራ ያረጀ፣ የተሰበረና የተጣለ ዕቃ ተገዝቶ፣ ተለይቶና ተቀጥቅጦ እንደገና ለአገልግሎት የሚበቃበት ሰፈር በመሆኑ፣ ስለ ተፈቱ ሰዎች የሚናገር ሁሉ የወደቀ ቆርቆሮንና የወደቀ ሰውን ለማመሳሰል ይፈተናል፤ ሰው ግን ቆርቆሮ ስላልሆነ፣ ቦታው እዚህ የተመረጠው ለዚያ ምሳሌ ሲባል አይደለም። የተመረጠው፣ አንድ ሠራተኛ ከሚያቀርበው ወረቀት ይልቅ እጁ በሚያወጣው ሥራ የሚመዘንበት የሥራ ቦታ በመሆኑ ሲሆን፣ ወረቀቱ የጎደፈበት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገውም እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

በ1996 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 414 የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ፣ በመጀመሪያው አንቀጹ ዓላማው ወንጀል እንዳይፈጸም መከላከል መሆኑን ካስታወቀ በኋላ፣ ወንጀለኞች ሌላ ወንጀል ከመፈጸም እንዲቆጠቡና ለሌሎች ማስተማሪያ እንዲሆኑ ከመቅጣት ጎን እንዲታረሙ ማድረግንም ከዓላማው ማስፈጸሚያዎች እንደ አንዱ ይቆጥራል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1955 የተቀረጹትን የእስረኞች አያያዝ ዝቅተኛ መመዘኛዎች አሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቃቸው፣ በቁጥር 122 የሆኑት የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ደግሞ ጉዳዩን ይበልጥ ወደ ኑሮ ያቀርቡታል። በእነዚህ ደንቦች መሠረት ታራሚ፣ ማለትም ተፈርዶበት በማረሚያ ቤት የሚገኝ ሰው፣ የሚሠራው ሥራ ከተፈታ በኋላ በሐቀኝነት እንጀራውን የሚያገኝበትን ችሎታ የሚጠብቅ ወይም የሚያሳድግ መሆን ይኖርበታል፤ ለሥራው ተመጣጣኝ ክፍያ ሊያገኝና ከክፍያውም ከፊሉ ተቀምጦ በሚፈታበት ቀን ሊሰጠው ይገባል፤ ሲወጣም የመታወቂያ ወረቀት፣ ለወቅቱ የሚስማማ ልብስ፣ መጠለያና ሥራ፣ እንዲሁም ወደሚሄድበት አገር የሚያደርሰውና ከተፈታ በኋላ ባሉት ቀናት የሚያቆየው ገንዘብ እንዲኖረው የሚመለከታቸው ተቋማት እንዲያግዙ ይጠበቃል። ልብስና የትራንስፖርት ገንዘብ ለትልቅ ዓለም አቀፍ ሰነድ ያነሱ ጉዳዮች መስለው ሊታዩ ይችላሉ፤ ሆኖም የተፈታ ሰው ወደ ቀድሞ ጓደኞቹ የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያድርበትና የሚበላው ሲያጣ ስለሆነ፣ ደንቡን የጻፉት ሰዎች ጉዳዩን በሚገባ ያውቁት ነበር ማለት ይቻላል።

በኢትዮጵያ ማረሚያ ቤቶች መደበኛ ትምህርትና የሙያ ሥልጠና ይሰጣል። ሽመና፣ ልብስ ስፌት፣ ጥልፍ፣ የእንጨት ሥራ፣ ብረታ ብረትና ግንባታ ታራሚዎች በብዛት ከሚሰማሩባቸው ሙያዎች መካከል ሲሆኑ፣ ሥልጠናው ከቴክኒክና ሙያ ተቋማት ጋር በተያያዘበት ቦታ ሠልጣኙ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ወስዶ የምስክር ወረቀት ይዞ ሊወጣ ይችላል። በመቀሌ ማረሚያ ቤት ታራሚዎች ገና በእስር ላይ ሳሉ ሙያ ከመማር አልፈው በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው እንዲያመርቱና እንዲሸጡ የተደረገበትን ተሞክሮ የዓለም የሥራ ድርጅት በሰነድ አስቀምጦታል። በዚህ ሁሉ ምክንያት ከእስር የወጣ ሰው ችግር ሙያ አለማወቅ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ እውነቱን በግማሹ እንኳ አይነካም። ብየዳ ወይም ስፌት በሚገባ የሚያውቅ ሰው ተፈትቶ ሥራ ፈት ሆኖ የሚቀመጥበት ምክንያት ከሙያው ውጭ ነው፤ እርሱም በአጭሩ ማን ያውቀዋል፣ ማንስ ይዋሰዋል የሚለው ጥያቄ ነው።

በአዲስ አበባ አንድን ሰው ለጥበቃ፣ ለመጋዘን፣ ለገንዘብ መቀበያ፣ ለሽያጭ ወይም ለሾፌርነት የሚቀጥር ድርጅት በአብዛኛው ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው የነዋሪነት መታወቂያ ሲሆን፣ ለዓመታት ከወረዳው የራቀ ሰው መታወቂያው ጊዜው አልፎበት፣ ቤቱ ፈርሶ ወይም ቤተሰቡ ሰፈር ለቅቆ ሊያገኘው ስለሚችል ለማሳደስ አድራሻና ምስክር ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ተያዥ ነው፤ ተያዥ ማለት ሠራተኛው ንብረት ቢያጎድል ወይም ቢሰወር ከደመወዙ ወይም ከንብረቱ ሊከፍል በፊርማው የሚገባ ዋስ ሲሆን፣ ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱም ደብዳቤ ማምጣት የሚችል ሰው መሆን ይጠበቅበታል። ሦስተኛው፣ ሕዝቡ በተለምዶ ክሊራንስ ወይም አሻራ የሚለው፣ ከወንጀል ነጻ የመሆን የፖሊስ ማስረጃ ነው። ከሦስቱ ክሊራንሱ ብቻ ስለ ቀድሞው ጥፋት የሚናገር ቢመስልም፣ ሌሎቹ ሁለቱም በእስራቱ ምክንያት የሚጠፉ ናቸው፤ ምክንያቱም ተያዥ የሚሆነው ዘመድ ወይም የቀድሞ የሥራ ባልደረባ ባለፉት ዓመታት በእስር ላይ ሳለ ሲጠይቀው የኖረ ሰው ነውና። በቃሊቲ ወይም በቂሊንጦ ማረሚያ ቤት የሚገኝ ታራሚን የአዲስ አበባ ዘመዱ ስንቅ ይዞ በጠዋት ሄዶ በዚያው ቀን ሊመለስ ይችላል፤ ወደ ዝዋይ ወይም ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቀው ሸዋ ሮቢት ለተዛወረው ግን ጉዞው ብቻውን አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ስለሚበላ፣ ጠያቂው እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ በዓመት በዓል ብቻ ብቅ የሚል ይሆናል። ስለዚህ ለተያዥ የሚደረገው ዝግጅት የሚጀምረው በመፈቻው ቀን ሳይሆን በመጠየቂያው ሰዓት መሆኑን የማረሚያ ቤት አስተዳደሮችም ዘመዶችም ሊያስተውሉት ይገባል።

ሕጉም በራሱ መንገድ አንዳንድ በሮችን ይዘጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ሠራተኛው በተፈረደበት የእስራት ፍርድ ምክንያት ከ30 ቀን በላይ ከሥራው ከተለየ አሠሪው ውሉን ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል፤ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ደግሞ እንደ እምነት ማጉደል፣ ስርቆትና ማጭበርበር ባሉ ወንጀሎች የተፈረደበትን ሰው ከመቀጠር ያግዳል። ከዚህም በላይ ፍርድ ቤት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 123 መሠረት ጥፋተኛውን ከመምረጥና ከመመረጥ፣ እንዲሁም ለሰነድ ምስክርና ዋስ ከመሆን መብቱ ሊሽረው ይችላል። ይህ የመጨረሻው እገዳ በመርካቶ ኑሮ ላይ ሲታይ ከምርጫው እገዳ ይልቅ ይከብዳል፤ ለሌላው መዋስ የማይችል ሰው ሌላውም እንዲዋሰው ለመጠየቅ ፊት ያጣልና።

ወረቀት ምን ያህል እንደሚመዝን በሌላ አገር በጥንቃቄ የተለካበት ጥናት አለ። ዴቫ ፔጀር የተባለች የሶሺዮሎጂ ተመራማሪ በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ በዕድሜ፣ በትምህርትና በአነጋገር ተመሳሳይ የሆኑ ወጣቶችን ሥራ ፍለጋ እየላከች፣ አንዱ እስራት እንደነበረበት፣ ሌላው እንዳልነበረበት እንዲያመለክቱ በማድረግ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትማለች። ከነጮቹ አመልካቾች መካከል እስራት ያልነበረባቸው ካመለከቱባቸው ቦታዎች በ34 በመቶው መልሰው ሲፈለጉ እስራት የነበረባቸው በ17 በመቶው ብቻ የተፈለጉ ሲሆን፣ በጥቁሮቹ ዘንድ ቁጥሩ ከ14 ወደ 5 በመቶ ወርዷል። ጥናቱ የተደረገው በአሜሪካ የሥራ ገበያ ስለሆነ ቁጥሮቹን ወደ አዲስ አበባ መገልበጥ ስሕተት ይሆናል፤ የሚያስተምረው ግን አሠሪው ሰውየውን ከማየቱና ከመሞከሩ አስቀድሞ ወረቀቱ ብቻውን በሩን እንደሚዘጋ ነው።

ከወረቀቱም በላይ የሚከብድ ሁኔታ በተለይ ከአማራ ክልል ገጠር የመጡ ታራሚዎችን ይገጥማቸዋል። በግድያ ወንጀል ተፈርዶበት ቅጣቱን የጨረሰ ሰው በመንግሥት ዘንድ ዕዳውን የከፈለ ቢሆንም፣ በሟች ወገኖች ዘንድ ግን ደሙ ያልደረቀ ተደርጎ ሊታይ ይችላል። ደም መመለስ፣ ማለትም ለተገደለ ወገን ገዳዩን ወይም የቅርብ ዘመዱን መግደል፣ በሕግ ራሱ ግድያ ቢሆንም በአንዳንድ አካባቢ እንደ ግዴታ ሲቆጠር ስለኖረ፣ እንዲህ ያለው ሰው ወደ እርሻውና ወደ ቤተሰቡ ለመመለስ ከፍርድ ቤቱ ውሳኔ በተጨማሪ የሽማግሌዎች እርቅ ያስፈልገዋል። በወሎ አበጋሮች፣ በሌሎችም የክልሉ አካባቢዎች ደም አድርቅ የሚባሉት ሽማግሌዎች ካሳውን ተነጋግረው፣ ወገኖቹን በመሐላ አስታርቀው ደሙን ያደርቃሉ። እርቁ ያልተፈጸመለት ሰው የሚሄደው ማንም ወደማያውቀው ትልቅ ከተማ ነው፤ እዚያ ግን ማንም የማያውቀው መሆኑ ከደም መላሽ ሲያስጥለው ከተያዥም ያራርቀዋል። ማረሚያ ቤቶች ታራሚው ከመፈታቱ ከወራት በፊት ሽማግሌዎችን በማስገባት እርቁን ቢያስጀምሩ ለሥራ ዝግጅቱ ከአንድ ዓመት የሙያ ሥልጠና የማይተናነስ አስተዋጽኦ ያደርጋል፤ ገበሬውን ወደ ገዛ መሬቱ መመለስ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከመፈለግ ይቀላልና።

ወደ ከተማው የመጣው ሰው እንግዲህ መርካቶን ያገኛል። መርካቶ በጣልያን ወረራ ዘመን፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረው የአገሬው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በተደረገበት ጊዜ የተቆረቆረ ሲሆን፣ እስከ ዛሬም በየተራው፣ ማለትም አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ወይም የሚሠሩ ነጋዴዎች በአንድነት በሚቀመጡበት ሰፈር እየተከፋፈለ ይኖራል። ምን አለሽ ተራ ከእነዚህ አንዱ ነው። ዕቃው የሚመጣለት ከከተማው ልዩ ልዩ ማዕዘን ሲሆን፣ ቆራሌው በየመንደሩ እየተጣራ አሮጌ ድስት፣ ቆርቆሮ፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የተበላሸ ሬዲዮና የአልጋ ብረት ይገዛል፤ የሰበሰበውንም አምጥቶ በሰፈሩ ላሉ ተረካቢዎች ይሸጣል። እነርሱ ደግሞ ይለያሉ። መለየት ቀላል ሥራ አይደለም፤ መዳብ ከናስ፣ ናስ ከአሉሚኒየም፣ አሉሚኒየም ከብረት በዋጋ ስለሚበልጥ፣ ናስ የተቀባ ብረትን በናስ ዋጋ የገዛ ሰው የቀኑን ትርፍ በአንድ ሚዛን ያጣል። ስለዚህ የለመደ ሰው ዕቃውን በማግኔት ይነካዋል፤ ማግኔቱ ከያዘው ውስጡ ብረት ነው። ካልያዘው ጠርዙን በሞረድ ፋቅ አድርጎ ቀለሙን ይመለከታል፤ ቀላ ካለ መዳብ፣ ቢጫ ከሆነ ናስ፣ ነጣ ብሎ ከቀለለ አሉሚኒየም መሆኑን በዚያው ያውቃል።

ከለዩት በኋላ ቀጥቃጮቹ ይረከቡታል። የዘይት ወይም የነዳጅ በርሜል ክዳኑ በመሮና በመዶሻ ዙሪያውን ተቆርጦ ይነሣል፤ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቅና ወፍራም የብረት ጉማጅ ላይ ተደርጎ እስኪዘረጋ ድረስ ይቀጠቀጣል። ከዚያ ላሜራው ተለክቶ ይቆረጣል፤ የከሰል ምድጃ፣ የጭስ ማውጫ፣ የውኃ መያዣ፣ የመጥበሻ ምጣድና ሣጥንም ይወጣዋል። ላቀች የተባለው ከሰል ቆጣቢ ምድጃም ከውጭ ላሜራ፣ ከውስጥ ሸክላ የሆነ ሥራ ስለሆነ፣ ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን በአንድ ዕቃ ላይ ያገናኛል። ከአሮጌ የመኪና ጎማ በረባሶ ጫማ ይሠራል፤ የተጣመመ ምስማር ተቃንቶ በኪሎ ይሸጣል። ወደዚህ ሥራ የሚገባው ሰው በመጀመሪያ ይሸከማል፣ ይለያል፣ ያቃናል፤ እያደር መዶሻ ይይዛል፤ መዶሻውን ሲይዝም ባለሥራው አይቶት ያውቀዋል። ሁለተኛ ቀን ላይ ላሜራውን አጣሞ የገጠመ ሰው ስለ ክሊራንሱ ሳይሆን ስለ ሥራው ይነገረዋል። ክፍያውም በቀን ወይም በሠራው ዕቃ ቁጥር ስለሚሆን፣ የወሩን መጨረሻ መጠበቅ ለማይችል፣ የዛሬ እራቱን ዛሬ ለሚያስብ ሰው ይስማማል። በማረሚያ ቤት ብረት ሥራ የተማረ ሰው በዚህ ሰፈር የሚጎድለው የእጅ ሙያ ሳይሆን የዕቃ ዋጋ ማወቅ ነው፤ እርሱንም በሳምንታት ውስጥ ይለምደዋል።

ይህ ሲባል ግን ሰፈሩን ማሞገስ አይደለም፤ ወረቀት የማይጠይቅ ሥራ ለሠራተኛውም ወረቀት አይሰጠውም። በእንዲህ ያለ ሥራ ውል፣ የጡረታ መዋጮና የጉዳት ካሳ ማግኘት ከባድ ነው። ሦስት አደጋዎች በተለይ ሊነገሩ ይገባል። የመጀመሪያው የተሰረቀ ዕቃ ነው፤ በወንጀል የተገኘ ንብረትን እያወቀ የሚገዛ ወይም የሚሸሽግ ሰው በሕጉ ራሱን የቻለ ወንጀል ይፈጽማል፤ በተለይ የኤሌክትሪክና የቴሌኮሙኒኬሽን መስመር ሽቦ የአገር መሠረተ ልማት ስለሆነ በልዩ አዋጅ ይጠበቃል። ማንም ሰው ያልተጠራጠረውን የመዳብ ጥቅል የገዛ ነባር ነጋዴ ሊያስረዳ ይችል ይሆናል፤ ቀድሞ የተፈረደበት ሰው እጅ ላይ ሲገኝ ግን የሚያምነው ጥቂት ነው፤ በአመክሮ የወጣ ከሆነ ደግሞ አመክሮውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሰው ከማያውቀው ሻጭ ሽቦ አለመግዛት፣ የሚገዛውንም ከማን እንደገዛው በደብተር መጻፍ እንደ መዶሻው የሥራው መሣሪያ ነው። ሁለተኛው አደጋ ነዳጅ ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሜል ሲሆን፣ ሳይታጠብና አየር ሳይገባው በብየዳ እሳት ቢቆረጥ በውስጡ የቀረው ተን ሊፈነዳ ይችላል። ሦስተኛው የመኪና ባትሪ ነው፤ እርሳሱ ሲቀልጥ የሚወጣው ጭስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ስለሚጎዳ፣ ሥራው በመኖሪያ ቤት ውስጥ ፈጽሞ መሠራት የለበትም። ሦስቱም በማረሚያ ቤት በቀናት ሥልጠና ሊሰጡ የሚችሉ ትምህርቶች ናቸው።

ሴቶች ታራሚዎች የሚገጥማቸው ጉዳይ ከዚህ በከፊል ይለያል። እናት ስትታሰር ቤቱ ስለሚበተን፣ ስትፈታ ከሥራዋ በፊት ልጆቿን መሰብሰብ ይጠብቃታል፤ ለቀን ሥራም ልጅ የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋታል። በማረሚያ ቤት የሚሰጠው ጥልፍና ስፌት በቤት ውስጥ የሚሠራ ስለሆነ ለዚህ ይስማማል፤ ነገር ግን ገዢ ሳይገናኝለት የተሠራ ጥልፍ ሣጥን ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ለእርሷ ከስፌት መኪናው ይልቅ ከመርካቶ ነጋዴ ጋር የሚያስተዋውቃት ሰው ይበልጥ ይጠቅማታል።

የገንዘቡም ጉዳይ በዚሁ በዋስ ጥያቄ ይታያል። የተፈታ ሰው ባንክ ሄዶ ለመበደር በአብዛኛው ንብረት ማስያዝ ይጠበቅበታል፤ በጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት በኩል ለሚሰጠው ብድርም ቢሆን ዋስ ወይም በማኅበር መደራጀት ያስፈልጋል። በመርካቶ የታወቀው እቁብ እንኳ ዕጣው ለወጣለት ሰው ገንዘቡን የሚሰጠው ዋስ ካቀረበ በኋላ ነው፤ ዳሩ ግን እቁቡ ለማያውቀው ሰው የመጨረሻውን ዕጣ በመስጠት ይህን ችግር የሚፈታበት መንገድ አለው፤ ሰውየው ሁሉንም ክፍያ ከፍሎ የመጨረሻውን ከወሰደ ለሚቀጥለው ዙር እርሱ ራሱ የታወቀ ሰው ይሆናል። ይህ ምንም ሕግ ያላወጣው፣ ሰውን በትንሽ በትንሹ የማመን ዘዴ ሲሆን፣ ብዙ ተቋማት ሊማሩበት የሚገባ ነው። በሲንጋፖር ቢጫ ሪባን በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ዘመቻ ለተፈቱ ሰዎች ሥራ ከማፈላለግ ጎን ቀጣሪውንና ጎረቤቱን ለሁለተኛ ዕድል ማዘጋጀትን የራሱ ዋና ሥራ አድርጎ የያዘው፣ ችግሩ በታራሚው ብቻ እንዳልሆነ በመረዳት ነው።

የቀረው ወረቀቱን ራሱን የማጽዳት ጉዳይ ነው፤ ብዙ የተፈቱ ሰዎች የማያውቁት ወይም ሰምተው የማይጠይቁት መብትም እዚህ ላይ ይገኛል። አንድ ሰው ከማረሚያ ቤት የሚወጣባቸው መንገዶች በኋላ ለመዝገቡ የተለያየ ውጤት አላቸው። አመክሮ ማለት ታራሚው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት ፈጽሞ፣ በሥራውና በጠባዩ መታረሙን ሲያሳይና ያደረሰውንም ጉዳት እንደ አቅሙ ሲክስ ቀሪው ጊዜ በሁኔታ ላይ ተመሥርቶ የሚቀርለት ሥርዓት ነው፤ ፍርዱ ግን አይነካም። ይቅርታም ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ይቀንሳል እንጂ ፍርዱን ከመዝገብ አያጠፋም፤ ስለዚህ በበዓል ዋዜማ በይቅርታ የወጣ ሰው ክሊራንስ ሲጠይቅ ፍርዱ ተመዝግቦ ሲያገኘው ሊደነቅ አይገባውም። ምሕረት ግን ለአንድ ዓይነት ወንጀል በሕግ የሚሰጥ በመሆኑ፣ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1096 እንደተሰጠው፣ ፍርዱን እንዳልነበረ ያስቆጥረዋል።

በምሕረት ላልወጣው ሰፊ ቁጥር የወንጀል ሕጉ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ መሰየም የሚባል ሥርዓት አኑሯል። መሰየም ማለት ቅጣቱን የፈጸመ፣ በይርጋ የቀረለት ወይም በይቅርታ የተለቀቀ ሰው ፍርዱ እንዲሰረዝለትና መብቱ እንዲመለስለት ለፍርድ ቤት የሚያመለክትበት ሥርዓት ነው። ለጽኑ እስራት፣ ማለትም ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ለሚደርሰው ከባድ ቅጣት፣ ቅጣቱ ካለቀ 5 ዓመት፤ ለቀላል እስራት ደግሞ 2 ዓመት ማለፍ አለበት። በእነዚህ ዓመታት ሰውየው በመልካም ጠባይ መኖር፣ በሌላ ወንጀል አለመፈረድና ከእርሱ በሚጠበቀው መጠን ካሳውን መክፈል ይጠበቅበታል። ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን ከተቀበለ የተሻሩት መብቶች ይመለሳሉ፤ ፍርዱም ከመዝገብ ተሰርዞ ለወደፊቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ በክፋት የቀድሞውን ፍርድ እያነሣ የሚሰድበው ሰውም፣ ነገሩ እውነት ነው በማለት ከስም ማጥፋት ክስ ማምለጥ አይችልም። ይህ ሕግ በመጽሐፍ ተቀምጦ የሚቀረው፣ በአብዛኛው ሰውየው ጊዜውን ስላልቆጠረና ማስረጃውን ስላላስቀመጠ ነው። በምን አለሽ ተራ ለ5 ዓመት መዶሻ ይዞ የኖረ ሰው መልካም ጠባዩን የሚያስረዱለት ባለሥራዎች፣ የእቁብ አባላትና ጎረቤቶች ይኖሩታል፤ መጻፍ የሚችል ሰው ይዞ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድ ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ ከማረሚያ ቤት የወጣ ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም ሠራተኛ ያላቸው አድማጮች፣ ያ ሰው የተፈታበትን ወረቀት፣ የፍርዱን ግልባጭና የከፈለውን ካሳ ደረሰኝ በአንድ ቦታ እንዲያስቀምጥ ያሳስቡት፤ የተፈታበትን ቀን ከእርሱ ጋር ይቁጠሩ፤ ጊዜው ሲሞላም ማመልከቻውን ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት እንዲያስገባ አብረውት ይሂዱ። በመርካቶና በሌላውም ስፍራ የቀጥቃጭ፣ የብየዳና የስፌት ቤት ያላቸው ባለሥራዎች ደግሞ፣ አብሯቸው ለዓመታት የሠራውን ሰው ጠባይ ለፍርድ ቤት በጽሑፍ እንዲመሰክሩ ይጠየቃሉ።